አያ በሪሁን የጠጡት ውሃ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት እቤቴ መጣና ሽማግሌ እንድሆነው ለመነኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ክብር ሳይሆን ድንጋጤ ነው። ሰው ማርጀቱን ከመስታወት ቢሰማ ይሻለዋል። ልጅቷ የት ናት ስለው መተማ አለኝ። መቼ ነው የምትልኩን ስለው በዚሁ በሚያዝያ አለኝና ስልኩን አውጥቶ የአየሩን ጠባይ አሳየኝ። ጎንደር ላይ ፀሐይዋ በደመና ተሸፍና ተስላለች። ደባርቅ ላይ የዝናብ ጠብታ አለ። መተማ ላይ ፀሐይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ከሥሯ ያለው ቁጥር የታማሚ ሰው ሙቀት ቢሆን ኖሮ የንስሐ አባት እናስጠራ ነበር።

«ይከብድዎታል እንዴ ጋሼ?» አለኝ ፊቴን አይቶ።

«አስቤበት ልንገርህ» አልኩት። የማስበው ስለ ሙቀቱ መስሎት ሄደ።

ትምህርት ቤት ሳለን ዓመት አራት ወቅት አለው ብለው አስተምረውናል። መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ፣ ክረምት፤ እያንዳንዱ ሦስት ወር፣ እንደ ወንድማማቾች ርስት እኩል የተከፈለ። ይህን የከፈለ ሰው ከሰፈሩ ወጥቶ የማያውቅ መሆን አለበት። በእኛ አገር ወቅት ያለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ኮሶዬ ላይ ጉም ውስጥ ትነሳለህ፣ ጎንደር ስትደርስ ሹራብህን ታወልቃለህ፣ ከጭልጋ ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ ቆዳህንም ማውለቅ ያምርሃል። ወር እስኪለወጥ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ማኪና መሳፈር ይበቃል። ችግሩ ሰው ወቅት በሚቀይርበት ፍጥነት ልብስ አይቀይርም። ወጉንማ ጨርሶ አይቀይርም።

ይህን ያወቅሁት በሃያ ዓመቴ ግድም፣ በሚያዝያ፣ በአንድ ሰው ደጅ ላይ ቆሜ ነው። አወቅሁ ማለት እንኳ ይከብደኛል። ግራ ተጋባሁ ብል ወደ እውነቱ እቀርባለሁ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ የምጠብቅ፣ ብዙ የማነብና ጥቂት የምሠራ ልጅ ነበርኩ። ደሳለኝ የሚባል የኮሶዬ ልጅ ጓደኛዬ ነበር። ለትምህርት ጎንደር ሲመጣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ አንድ ክፍል አብረን ተከራይተን፣ ከአባቱ ቤት በየሳምንቱ በሚላክ ድንችና የገብስ ቆሎ ነበር የምንኖረው። ሰርካለም ደግሞ መተማ ውስጥ ከሸኸዲ ወረድ ብላ ካለች የቆላ መንደር መጥታ አክስቷ ቤት ሆና እኛው ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ ነበረች። ብርድ አትችልም ነበር። ለእኛ ሞቅ ባለ ቀን እሷ በነጠላዋ ተጀቡና ፀሐይ ወደምትመታው ግንብ ተጠግታ ትቆማለች። ደሳለኝም ያንን ግንብ ወደደው። በኋላ ሁለቱም ተስማምተው እሷ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ፣ እሱ «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎ ቃል ሰጣት።

አባቱ አያ ታከለ መጀመሪያ አልወደዱትም። ለደጋ ሰው ቆላ ማለት ንዳድ ማለት ነው። ንዳድ ማለት ደግሞ ዛሬ ወባ የምንለው ያው የቆላው ትኩሳት ነው። በስተኋላ የልጃቸውን ፊት አይተው እሺ አሉና ሦስት ሰው መረጡ። አንደኛው አያ በሪሁን ነበሩ፤ በኮሶዬና በአካባቢው አያ በሪሁን ያልቆሙበት የሠርግ ጥያቄ እንደ ግማሽ ጥያቄ ይቆጠር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ለአንድ ቃል ሦስት ምሳሌ የሚያወጡ ሰው። ሁለተኛው ሐጂ ሰይድ ናቸው። የጎንደር ነጋዴ፣ ከአያ ታከለ ጋር በእህል ንግድ የተዋወቁ፣ ሰሊጥ ለመግዛት ቆላ ሲወርዱ የኖሩ። ሦስተኛው አንድ መሪጌታ ነበሩ። እኔ የተጨመርኩት ቤቱን ለማሳየት ነው። ባለፈው ኅዳር ከደሳለኝ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወርጄ መንደሩን አይቼው ነበርና። በኅዳር ቆላ ሸጋ አገር ነው። ነፋስ አለ፣ ሣሩ ወርቅ ነው፣ ሌሊቱ ደስ ይላል። ስለዚህ ቆላን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ሐጂ ሰይድ ገና ከመነሳታችን «ጥያቄውን ለኅዳር ብናደርገው ምን አለበት?» ብለው ነበር።

«ጥያቄ ከፋሲካ በኋላ ነው» አሉ አያ በሪሁን።

«ለእኛ አገር ነው እሱ። እዚያ አሁን ድንጋይ ያልባል።»

«ይላባ። ድንጋይ ሽማግሌ አይደለም።»

በዚህ ዓይነት ንግግር ሐጂን ማሸነፍ ቀላል ነበር፤ ሐጂ ነጋዴ ናቸው፣ ነጋዴ ደግሞ ለቃል ብሎ አይጣላም።

ከአዘዞ በጭነት ማኪና ተሳፈርን። ሽማግሌዎቹ ጋቢ ላይ በርኖስ ደርበዋል፣ እኔ ሹራብ ለብሻለሁ። መሪጌታው ገና ጠመዝማዛው ላይ ማኪናው አዞራቸው። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ዳዊት እየደገሙና እያስመለሱ አይከል ደረስን። አይከል ብርድ ናት። እዚያ አደርን፤ በጠዋት ሽሮ በልተን ልንነሳ ስንል መሪጌታው ወደ ማኪናው አየት አደረጉና «የእግዜር መንገድ እግር ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ የሚያስነሳቸው ጠፋ።

አያ በሪሁን ተቆጡ። «ሁለት ሽማግሌ የት አገር ነው ያለው? ሁለትማ ተሟጋች ነው።»

ሐጂ ሰይድ ዞር ብለው እኔን ተመለከቱኝ። ሲመለከቱኝ ገባኝ። መሪጌታው ጋቢያቸውንና ከዘራቸውን በደስታ ሰጡኝ። በሹራቤ ላይ ጋቢ ለብሼ፣ ከዘራ ይዤ፣ ጢም ሳላወጣ ሽማግሌ ሆንኩ። በዕድሜዬ ብዙ ሹመት አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ይህ ትልቁ ሳይሆን አይቀርም።

«ምን ልበል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ምንም አትልም» አሉኝ አያ በሪሁን። «ቁም። ስንቆም ቁም። ስጠራህ ‹እውነት ነው› በል። እህል ውሃ አትቅመስ።»

ይህ የመጨረሻው ነገር ዋናው ወግ ነው። ሴት ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ከደጅ ይቆማል፤ የልጅቷ አባት ጉዳዩን ሰምቶ በጎ ቃል እስኪሰጥ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ከቀመሰ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ጥሩ ወግ ነው፤ አባትየውን የሚያስጨንቀው የእንግዳው ረሃብ ነው። ይህን ወግ ያወጣው ሰው ግን ደጋ ላይ ቆሞ ነው ያወጣው። እዚያ ደጅ መቆም ቢበዛ ጉንፋን ያስይዛል።

ከአይከል በኋላ መንገዱ ይወርዳል። መጀመሪያ ጥዱና ባሕር ዛፉ ጠፋ። ቀጥሎ አረንጓዴ የሚባል ነገር ጠፋ። የዕጣን ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው፣ እንደ ተላጠ ሰው ቆዳቸው እየተቀረፈ ኮረብታው ላይ ቆመዋል። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጥቁር ነው። በመስኮት የሚገባው ነፋስ እሳት ላይ እንደተጣደ ድስት እፍ ይልብናል። ሐጂ ሰይድ በርኖሳቸውን አውልቀው ተቀመጡበት፤ ከያዙት የውሃ ኮዳ ጎንጨት አሉና ወደ አያ በሪሁን ዘረጉት።

«እስቲ አሁን ጠጣ። ገና አልደረስን፣ ማንም አላየህ።»

«ማንም እንዳላየኝ በምን አወቅህ?» አሉ አያ በሪሁን። ትንሽ ቆይተው ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ለማንም በማይመስል ድምፅ፣ «ወንድሜ በዚህ አገር ውሃ ነው የሞተው» አሉ። ለአጨዳ ወርዶ በንዳድ ቀርቶ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሐጂ አልለመኗቸውም። እኔ ግን ተደብቄ ጠጣሁ። ሽማግሌነቴ ገና ልጅ ነበር።

መንደሩ የደረስነው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነው። የሰርካለም አባት አያ ወረታ ግቢ በእሾህ አጥር የታጠረ፣ መሐሉ ላይ በሣር የተሸፈነ ሰፊ ዳስ ያለው፣ ከዳሱ ሥር በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ እንስራ የቆመበት ነው። ውሃው በእንስራው ጎን እያላበ ይንጠባጠባል። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ እንስራ የበለጠ ያማረኝ ዕቃ የለም።

አያ ወረታ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ወጡ። የዳባት ተወላጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ለሰሊጥ ወርደው ቀሩ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ ደጋን ረሱ ይባላል። አልረሱም ነበር።

«ግቡ እንጂ፣ ምነው ከፀሐይ ቆማችሁ?»

«ጉዳይ አለን» አሉ አያ በሪሁን።

«ጉዳይ ጥላ ሥር አይነገርም?»

«ሳይሰማ አንገባም።»

«ውሃ እንኳ ቅመሱ።»

«ሳይሰማ አንቀምስም።»

አያ ወረታ ተራ በተራ አዩን። እኔ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዳ ቆሞ እኔ ልቀመጥ ነው?» ብለው ከጥላው ወጥተው ፀሐይ ላይ ከፊታችን ቆሙ። ሐጂ ሰይድ በሹክሹክታ «አሁን ጉድ ፈላ፣ ይሄም ደገኛ ነው» አሉኝ።

አያ በሪሁን ንግግራቸውን ጀመሩ። ንግግሩ የሚጀምረው ከአያት ነው፤ አያ ታከለ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ያም የማን ልጅ እንደሆነ። ኮሶዬ ላይ ስሰማው ይህ ዘር ቆጠራ ደስ ይለኝ ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ አያት አንድ ማገዶ ሆነ። ጋቢው ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። አያ በሪሁን ከግንባራቸው ላብ እየፈሰሰ ቀጠሉ፤ በመሐል ላቡ ቆመ። ላባቸው መቆሙን አይቼ «ለመዱት» ብዬ ተደሰትኩ። ያ መጥፎ ምልክት መሆኑን ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መጽሐፍ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል።

«እውነት ነው» አልኩ፣ ሳልጠራ።

አያ ወረታ እስከ መጨረሻው ሰሙና መልሳቸውን ሰጡ። «ስለ ልጁ ሰርካለም ነግራኛለች። ሸጋ ልጅ ነው ብላለች። አልከለክልም። ግን አንድ ልጄ ናት፣ ለብርድ አልድራትም። ጎንደር በተማረችበት ጊዜ ሁሉ ስታስል ነው የኖረችው። ልጁ ይውረድ። መሬት አለኝ፣ ወፍጮ አለኝ፣ እዚህ ይኑሩ። በዚህ ከተስማማችሁ ጠጡ።»

እኛ የተላክነው ልጅቷን ለመውሰድ ነው፣ ልጁን ለመስጠት አይደለም። አያ ታከለ የመጀመሪያ ልጃቸውን ንዳድ አገር ለማውረድ ሥልጣን አልሰጡንም። አያ በሪሁን አፋቸውን ከፈቱ። «ለዚህ…» አሉ። ቀጥሎ ምን ሊሉ እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። «ለዚህ አልተላክንም» ሊሆን ይችላል። «ለዚህማ እናመሰግናለን» ሊሆን ይችላል። ብቻ እንደሚታጠፍ ጋቢ ዝም ብለው እጥፍ አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ከዚያም ተኙ።

ተንበርክኬ ራሳቸውን ያዝኩ። ቆዳቸው ደርቆ ይፋጃል። ዓይናቸው ገርበብ ብሎ ነጩ ብቻ ይታያል። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት መውጣት ነውር ነው፣ ሰርካለም ግን ከቤት ሮጣ ወጣች፤ በቅል ውሃ ይዛ። አፋቸው ላይ አፈሰሰችው። ጥርሳቸው ግጥም ያለ መሰለኝ። ውሃው በጢማቸው ላይ ወረደ፣ በአንገታቸው ገባ፣ እጄን አራሰው። ሁለተኛ አፈሰሰች። ጉሮሯቸው ተንቀሳቀሰ? የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ወይ የእኔ እጅ ነው የተንቀጠቀጠው።

ይኼኔ ከበሩ ላይ እናትየው እልልታቸውን አቀለጡት።

ሰው ወድቆ እልል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ግራ ገብቶኝ ቀና ስል አያ ወረታ ፊታቸው በርቷል። «በሉ፣ አለቀ። ጠጥታችኋል። እሰይ፣ ግቡ፣ አግቡት» አሉ። ሐጂ ሰይድ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ምኑ ነው ያለቀው?» አሉ። ለእኔ ነበር ጥያቄው፤ ከሦስታችን በትምህርት የገፋሁ እኔ ነኝ።

አያ በሪሁንን ዳሱ ሥር አስተኛናቸው፣ ልብሳቸውን አላልተን ውሃ አፈሰስንባቸው። ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት «ጠጣሁ?» ብለው ነው። ማንም ሳይመልስላቸው እናትየው እንደገና እልል አሉ። አያ በሪሁን እልልታውን ሰሙ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር መተርጎም አልችልም። የዳሱን ምሰሶ ተደግፈው ተነሱና «ማኪና ፈልጉ» አሉ። የቀረበውን የማሽላ እንጀራና የፍየል ወጥ ሳንነካ፣ አያ ወረታ ሕመም ነው ብለው እያዘኑልን ወጣን።

ሰርካለም አጥሩ ጋ ጠበቀችኝ። «ምን ተባለ?»

«አላውቅም።»

«ሽማግሌ አይደለህ?»

«ነኝ። ለዚህ ነው መሰል ያላወቅሁት።»

ኮሶዬ ስንመለስ ጉም ነበር፣ ጥርሴን አንቀጠቀጠኝ። አያ ታከለ ደጅ ላይ ተቀበሉን። የትልቁ ሽማግሌ ቃል ይቀድማል፤ አያ በሪሁን «አልሆነም» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሐጂ ሰይድ ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ማታ ደሳለኝ እኔን ያዘኝ። «ሰጡን ወይስ ከለከሉን?» አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ነግሬው ስጨርስ ከእኔ የባሰ ግራ ተጋብቶ ነበር። አንድ ሕግ ነው ያለው፤ ሽማግሌ የሚጠጣው ነገሩ ሲያልቅ ነው። ቆላ ላይ ያሉት «ጠጥተዋል፣ ስለዚህ አልቋል» አሉ። እኛ ደግሞ «ሳያልቅ ጠጥተናል፣ ስለዚህ ፈርሷል» አልን። ሁለቱም ወገን ወጉን አንዲት ክር ሳያዛንፍ ጠብቋል። ሰው ወጉን ቢያፈርስ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር እላለሁ፤ ይህን ስል የሚቆጡኝ ብዙ ናቸው።

ደሳለኝ ኩራቱ ተነክቶ አልጻፈላትም። እሷ በበኩሏ እንደታጨች ቆጥራለች፤ የታጨች ልጅ ደግሞ ደብዳቤ አትጽፍም፣ ቀን የሚቆርጡ ሰዎችን ትጠብቃለች። ከዚያ ሰኔ ገባ። በቆላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል መረሬው ጥቁር አፈር ጭቃ ይሆንና ከዋናው መንገድ ወደ መንደሮቹ የሚገባ ማኪና ይቀራል። ሰዉ በሙሉ ሰሊጥ ሊዘራ ይወጣል። በእኛም በኩል ጉሙ ወርዶ ተቀመጠ። አያ ታከለ ልጃቸው ከስቶ አይተው ዝም አላሉም፤ ዳባት ላይ ሌላ ልጅ አገኙለት። ፍልሰታ ሳይገባ ሽማግሌ ሊልኩ ቀጠሮ ያዙ። ደሳለኝ እሺም እምቢም አላለ። አልሰጡኝም ተብሏል፣ ምን ይበል?

ሐምሌ ውስጥ፣ በረዶ ጥሎ ሜዳው ነጭ በሆነበት ቀን፣ እኔ ደሳለኝ ጋ ሄጄ ሳለሁ ሰርካለም መጣች። እስከ መንገዱ በእግሯ ጭቃ ረግጣ፣ ከዚያ በጭነት ማኪና። በላስቲክ ጫማ፣ በስስ ነጠላ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ። አያ ታከለ በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ። የማን ልጅ ነሽ እንኳ ለማለት አልበቁም።

«ግቢ» አሉ።

ወዲያው ገባች። እሳቱ አጠገብ ተቀመጠች። «እኔ ሽማግሌ አይደለሁም» አለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ትኩስ ነገር ስጡኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሻይዋን ጨርሳ ጋቢ ተደርቦላት ነው የተናገረችው። አባቷ ጌሾ ገዝተዋል። ለኅዳር ሙክት ለይተዋል። አገሩ ሁሉ አውቋል። «የእናንተ ሰዎች ግን ቀን ሊቆርጡ አልመጡም። ሞታችሁ እንደሆን ላጣራ ብዬ ነው» አለች። ደሳለኝን አላየችውም። እሱ ግን እሷን ብቻ ነበር የሚያየው።

«እኔ እወርዳለሁ» አለ።

«አንተን የጠየቀህ የለም» አሉት አያ ታከለ። «ቃል ከሰጠን ሰጥተናል፣ ካልሰጠን አልሰጠንም።»

አያ በሪሁንን አስጠሩ። ሐጂ ሰይድ ለገበያ ኮሶዬ ስለነበሩ እሳቸውም መጡ። የማልረሳው ሸንጎ ያ ነው፤ ውጪው በረዶ፣ ውስጡ ጭስ፣ መሐል ላይ አንድ ጥያቄ። አያ በሪሁን ከጠጡ ቤተሰቡ በአያ ወረታ ቃል ታስሯል፣ ደሳለኝ ይወርዳል። ካልጠጡ ቃል የለም፣ ሰርካለም በመጣችበት ትመለሳለች፤ ዳባት ትጠብቃለች። ደግሞ ከጠጡ፣ አያ በሪሁን ሳይፈቀድላቸው የሰው ልጅ ለቆላ ሰጡ፤ ወይም ጥም ያሸነፋቸው ሽማግሌ ናቸው። በየትኛውም ቢዞር ለእሳቸው ማምለጫ የለም።

«አልጠጣም፣ አጠጡት» አሉ ሐጂ ሰይድ ሊያድኗቸው። «ራሱን ስቶ ነበር። የሳተ ሰው ጠጣ አይባልም።»

«ታዲያ ቃል የለማ» አሉ አያ ታከለ።

ሐጂ ሰይድ ሰርካለምን አዩ። አሁን ወደ እኔ ዞሩ። «ራሱን የያዘው ይህ ልጅ ነው። እሱ ይናገር። ወርዶለታል ወይስ አልወረደለትም?»

ሁሉም አዩኝ። ያየሁት ጢም ላይ የሚወርድ ውሃ ነው። የገጠመ ጥርስ ነው። የተንቀሳቀሰ ጉሮሮ፣ ወይም የተንቀጠቀጠ እጅ ነው። ጓደኛዬ አፌን ያየኛል። «እኔ ያየሁት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ጠጥቻለሁ» አሉ አያ በሪሁን።

ሐጂ ሰይድ ከእሳቱ ቀና አሉ።

«ጠጥቻለሁ። ጣፍጦኝ ነው የጠጣሁት። ያንን የመሰለ ውሃ በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም። ታከለ፣ ልጅህን ሰጥቼብሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ቀን ቁረጥ።»

ሠርጉ በኅዳር ሆነ። አያ ታከለ ተቆጥተው፣ ቆይተው አልቅሰው፣ በመጨረሻ ራሳቸው ወርደው መረቁ። አያ በሪሁን ሠርጉ ላይ አልተገኙም። ከዚያ ወዲያ ለሽማግሌነት የሚጠራቸውም እየቀነሰ ሄደ። ጠላ ቤት ውስጥ ወጣቶች «ውሃ የሚያሸንፈው ሽማግሌ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፣ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሰው አልነበረም፣ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «አያ፣ ጥርስዎ ገጥሞ ነበር እኮ። ውሃው በእጄ ላይ ነው የወረደው።»

«አንተ ልጅ፣ የያዝከው ራሴን ነው እንጂ ጉሮሮዬን አይደለም» አሉኝ። ቀጥለው ስለ ድንች ዋጋ አወሩ።

ደሳለኝና ሰርካለም እዚያው ቆላ ናቸው። ልጆቻቸው ተምረው ተበትነዋል። ደሳለኝ ለጥምቀት ሲመጣ ጃኬት ላይ ጃኬት ደርቦ ስለ ጎንደር ብርድ ያማርራል፤ እሷ ትስቅበታለች። ሁለቱን ባየሁ ቁጥር ያ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይህ ሁሉ ዓመት፣ ይህ ሁሉ ልጅ፣ በጉሮሮ በወረደ ውሃ ላይ ነው የቆመው ወይስ መሬት ላይ በፈሰሰ? አያ በሪሁን እውነት ተናገሩ ወይስ ስማቸውን ሰጥተው ሁለት ልጆች ገዙ? ብዙ አንብቤያለሁ፤ ስለ እውነትና ስለ ቃል የሚከራከር መጽሐፍም አልጠፋ። ግን መጽሐፎቹ ሁሉ የተጻፉት ጥላ ሥር ነው። ስለ ሽማግሌ ወግ እኔም ራሴ ክፉ ክፉ ነገር ጽፌያለሁ፣ ያንኑ ዛሬም አልሽርም። ወጉ ሊያጠፋን ደርሶ ነበር። ያዳነን ደግሞ ወጉን ከሁላችን በላይ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ይህን የት ላስቀምጠው?

ትናንት ወጣቱ ደወለ። «ጋሼ፣ ወሰኑ?»

«እሄዳለሁ።»

ደስ አለው። ትንሽ አመነታና «እዚያ ሙቀቱ… የታሸገ ውሃ ለእያንዳንዳችሁ ብንይዝስ? ወይስ ነውር ይሆናል?» አለኝ።

«ለመንገዱ ያዙ» አልኩት። «ደጃቸው ስንደርስ ግን የምጠጣው የእነሱን ነው፤ ቁጭ ብዬ፣ ገና ምንም ሳልናገር።»

«እንዴ፣ ሳይሰጡን?»

«አዎ» አልኩት። «ኋላ ጠጣ፣ አልጠጣም ተብሎ ማንም እንዳይጠየቅ።»